ማግኔት ፎቶን አይወረውርም፦ ስለ ቨርቹዋል ቅንጣቶችና ስለ ማግኔት መስክ

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የተቃጠሉ ሞተሮችና ዲናሞዎች እጠቀልላለሁ። ፊዚክስ በትምህርት ቤት የተማርኩት ጥቂት ነው፤ አሁን በራሴ እያነበብኩ ነው። በአንድ ቪዲዮ ላይ ‹ማግኔት ብረትን የሚስበው ቨርቹዋል ፎቶን የሚባሉ ቅንጣቶችን እየወረወረ ነው፤ ቅንጣቶቹም ከባዶ ቦታ ኢነርጂ ተበድረው ሳይታወቅባቸው ይመልሳሉ› ሲባል ሰማሁ። እንዲህ ከሆነ ማግኔቱ ዘመኑን ሁሉ ሲወረውር ኖሮ ለምን አያልቅበትም? የተወረወረ ነገር ይገፋል እንጂ እንዴት ይስባል? እኔ በጥቅሉ ውስጥ አለ የምለው የማግኔት መስክስ እውነተኛ ነገር ነው ወይስ የእነዚህ ቅንጣቶች ሌላ ስም?»

ምላሽ፦ ማግኔት ምንም ነገር አይወረውርም፤ ከባዶ ቦታ የሚበደር ኢነርጂም የለም። በጥቅልዎ ውስጥ ያለው መስክ እውነተኛ ነው፤ ኢነርጂ ይይዛል፣ ይስባል፣ ይገፋል፣ ይለካል። ቨርቹዋል ፎቶን ግን ያንኑ መስክ በኳንተም ሕግ (የአቶምንና ከእርሱ ያነሱ ነገሮችን ጠባይ በሚገልጸው ሕግ) ለማስላት ከተፈጠሩት ዘዴዎች በአንዱ ውስጥ፣ በስሌቱ መሃል የሚመጣ ክፍል ነው። ሦስቱም ጥያቄዎችዎ የተወለዱት ቪዲዮው የስሌቱን ክፍል በአየር ላይ የሚበር ነገር አስመስሎ ስላቀረበው ነው። ስለዚህ ከቅንጣቶቹ ሳይሆን ከመስኩ መጀመር አለብን።

መስክ ማለት በእያንዳንዱ የቦታ ነጥብ ላይ መጠንና አቅጣጫ ያለው፣ ከጊዜ ጋርም ሊለዋወጥ የሚችል ነገር ነው። ዴንማርካዊው ኧርስተድ በ1820 ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌን እንደሚያዞር አሳየ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፋራዴይ ያንን ተጽዕኖ በመስመሮች ሣለው፤ ማክስዌል በ1865 በቀመር አሰረው። በመጽሐፍ የሚያዩዋቸው መስመሮች ሥዕል ናቸው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለውም ቦታ መስክ አለው፤ የመስመር ብዛት የሣዩ ምርጫ ነው። በጅማ ዞን ያለው የግልገል ጊቤ አንድ ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የሚሰጡት ጄኔሬተሮች በፋራዴይና በማክስዌል ሕጎች የሚሰሉ ናቸው። ስሌታቸው ውስጥ አንድም ቨርቹዋል ፎቶን አይገባም፤ ባለመግባቱም የጎደለ ነገር የለም።

መስኩ እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃው በየቀኑ በእጅዎ ያልፋል። ብዙ ዙርና የብረት ልብ ያለውን ጥቅል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝተው ሽቦውን ሲነቅሉ ብልጭታ ይወጣል፤ በባዶ እጅ የያዘውን ሰውም ይነዝራል። የ12 ቮልት ባትሪ ብቻውን ደረቅ እጅን አይነዝርም። ባትሪው ከተቋረጠ በኋላ ያንን ጉዳት የሚያደርሰው ኢነርጂ ከየት መጣ? በመስኩ ውስጥ ተከማችቶ ነበር፤ ከረንቱ በድንገት ሲቆም መውጫ ፈለገ፤ ቮልቴጁን ወደ መቶዎች አሳደገና በብልጭታ ወጣ። መጠኑም የታወቀ ነው፦ ኢንዳክታንሱን (ጥቅሉ በከረንት መስክ የመፍጠር አቅሙን፣ በሄንሪ የሚለካውን) በከረንቱ ስኩዌር አባዝቶ ለ2 ማካፈል ነው። 1 ሄንሪ ያለው ጥቅል 2 አምፔር ሲሸከም 2 ጁል ይይዛል። በአየር ውስጥ ደግሞ የ1 ቴስላ (ቴስላ የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) መስክ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.4 ጁል ያህል አለው። ይህ ሁሉ የሚለካ ነው። እንዲህ ያለውን ጥቅል ሲፈትሹ ግን የሽቦውን ጫፍ በፕላስቲክ እጀታ ባለው መቆንጠጫ ይንቀሉ እንጂ በጣት አይያዙ።

አሁን ወደ «ለምን አያልቅበትም» እንምጣ። የማግኔት መስክ ምንጩ ሁለት ነው፦ የቻርጅ እንቅስቃሴና የኤሌክትሮኑ የራሱ ስፒን (እንደሚሽከረከር ያህል የሚያደርገው የተፈጥሮ ባሕርዩ)። በሽቦ ውስጥ የመጀመሪያው ይሠራል። በ1 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 1 አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ የሚጓዙት በሰከንድ 0.07 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብዛታቸው ግን በ1 ኪዩቢክ ሚሊሜትር 85 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ስለሆነ ድምር ውጤታቸው መርፌ ያዞራል። በቋሚ ማግኔት ውስጥ ዋናው ምንጭ ስፒን ነው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በተፈጥሮው ትንሽ ማግኔት ነው፤ በብረት ውስጥ የጎረቤት አቶሞች ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ አቅጣጫ መደርደሩ ከመበተኑ ያነሰ ኢነርጂ ስለሚጠይቃቸው ተደርድረው ይቆያሉ።

መስክ ለመገንባት ኢነርጂ ይጠይቃል፤ የተገነባን መስክ ባለበት ለማቆየት ግን ምንም አይጠይቅም። ጥቅልዎ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ የሚበላው መስኩ ስለሚፈጀው ሳይሆን መዳቡ ሬዚስታንስ ስላለውና ስለሚሞቅ ነው። ሬዚስታንሱ ዜሮ የሆነበት ሱፐርኮንዳክተር ጥቅል አንዴ ከረንት ከተጫነበት በኋላ ከምንጩ ተነጥሎ ለዓመታት ይቆያል። የኤም አር አይ ማሽኖች ማግኔት በዚህ መንገድ ይሠራል። እዚያ ውስጥ በየሴኮንዱ እየወጣ የሚያልቅ ነገር ቢኖር ኖሮ መስኩ ሲደክም እናይ ነበር። ቋሚ ማግኔት የሚደክመው በሌላ ምክንያት ነው፦ ሙቀት፣ ምት፣ ተቃራኒ የሆነ ጠንካራ መስክ። ብረት በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማግኔትነቱን ሙሉ በሙሉ ያጣል፤ ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መዳከም ይጀምራል። ስለዚህ ቋሚ ማግኔት ያለበትን ሞተር ቫርኒሽ ለማድረቅ ምድጃ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ማግኔቶቹን ያውጡ።

ቨርቹዋል ፎቶን ወደሚወለድበት ቦታ ስንሄድ በመጀመሪያ እውነተኛውን ፎቶን መለየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሮማግኔት መስክ እንደ ማዕበል ሲወዛወዝ ኢነርጂውን የሚቀበለውና የሚሰጠው በማንኛውም መጠን ሳይሆን በእርከን ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ፎቶን ይባላል። የፎቶኑ ኢነርጂ ከሞመንተሙ (ከእንቅስቃሴው ግፊት መጠን)ና ከብርሃን ፍጥነት ብዜት ጋር ሁልጊዜ እኩል ነው። ከአምፑል ወጥቶ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ያለው ነው፤ ይቆጠራል፣ መመርመሪያን ይነካል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ተቀራርበው ሲገፋፉ ግን የመስኩንና የኤሌክትሮኖቹን የጋራ ለውጥ በኳንተም ቀመር በቀጥታ ፈትቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ የፊዚክስ ሰዎች መልሱን በተከታታይ ድምር ይቀርቡታል፦ ትልቁ ክፍል፣ ከዚያ የሚያንስ እርማት፣ ከዚያም ከእርሱ የሚያንስ። እያንዳንዱ እርማት የሚያንሰው አንድ ለ137 ሲካፈል ያህል በሆነ ቁጥር ስለሚባዛ ነው፤ ለዚህም ዘዴው በኤሌክትሮማግኔት ላይ እጅግ ጥሩ ይሠራል። ፋይንማን በ1949 እያንዳንዱን የድምሩን ክፍል በሥዕል የሚያሳይ ስልት አወጣ። በሥዕሉ መሃል ያለችው፣ በሁለቱም ጫፍ ተዘግታ የማትወጣው የተጠማዘዘች መስመር ቨርቹዋል ፎቶን ተባለች። መስመሯ የአንድ ኢንቴግራል (እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎችን የሚደምር ስሌት) ምልክት ናት። ኢንቴግራሉ በሁሉም ሊሆኑ በሚችሉ የኢነርጂና የሞመንተም መጠኖች ላይ ሊደመር ይችላል፤ ለእውነተኛ ፎቶን የተቀመጠው እኩልነትም እዚህ አይጠበቅም። የማይንቀሳቀስ ማግኔት ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፦ በስሌቱ ውስጥ የሚገባው ቨርቹዋል ፎቶን ኢነርጂው ዜሮ፣ ሞመንተሙ ግን ዜሮ ያልሆነ ነው። ኢነርጂ የሌለው፣ ቦታ ለቆ ቦታ የማይደርስ ነገር «ተወረወረ» ሊባል አይችልም።

ምሳሌ ልስጥ፦ እዚያው ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ውስጥ 98 ብር የሚያወጣ ዕቃ 7 ሲገዛ ነጋዴው «700፣ 14 ሲቀነስ 686» ይላል። 686 ብር ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ 700 ብር ግን የትም አልነበረም። ሌላው ነጋዴ 90 በ7፣ 8 በ7 ብሎ ቢደምር ያው 686 ይደርሳል፤ በመሃል ያሉት ቁጥሮች ግን ሌሎች ናቸው። በቨርቹዋል ፎቶንም ላይ የሚሆነው ይህ ነው። የኩሎምብ ጌጅ በሚባለው የአሰላል ምርጫ የማይንቀሳቀሱ ሁለት ቻርጆች ኃይል በፎቶን መስመር በኩል አይመጣም፤ በሌላው ምርጫ ይመጣል። የመጨረሻው መልስ፣ በላቦራቶሪ የሚለካው፣ በሁለቱም አንድ ነው። በአሰላል ምርጫ የሚጠፋና የሚመለስን ነገር በተፈጥሮ ውስጥ እየበረረ አለ ማለት አይቻልም። በዚህም ምክንያት «በዚህ ማግኔት ዙሪያ ስንት ቨርቹዋል ፎቶን አለ?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። ሦስተኛ ጥያቄዎንም ይህ ይመልሰዋል፦ ቅንጣቶቹ ከመስኩ በታች ያሉ ጡቦች አይደሉም። ተደምረው የሚሰጡት መስኩን ነው፤ በተከታታይ ድምር ሳይሄዱ ከተሰላም መስኩ ያለ እነርሱ ይገኛል።

የመበደሩ ወሬ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በብዙ ታዋቂ ማብራሪያዎችም ውስጥ ስለሚደጋገም ጠንከር አድርጌ ልናገረው። በፋይንማን ሥዕሎች ውስጥ መስመሮች በሚገናኙበት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የገባው ኢነርጂና ሞመንተም ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ለአጭር ጊዜ እንኳን የተጣሰ ሕግ የለም፤ ስለዚህ የሚመለስ ብድርም የለም። ሃይዘንበርግ በ1927 ካወጣው መርህ ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰው የኢነርጂና የጊዜ ግንኙነት የሚናገረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፦ አንድ ሁኔታ በፍጥነት የሚለወጥ ከሆነ ኢነርጂው አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሊሆን አይችልም፤ ቁርጥ ያለ ኢነርጂ ያለው ሁኔታ ደግሞ ከጊዜ ጋር አይለወጥም። ባዶ ቦታ ዝቅተኛው፣ ቁርጥ ያለ ኢነርጂ ያለው ሁኔታ ነው። ስለዚህ በባዶ ቦታ ውስጥ በየቅጽበቱ ብቅ ጥልቅ የሚል ነገር የለም። በቪዲዮ የሚያዩት የሚፈላ አረፋ የሠዓሊ ሥራ ነው።

«እንዴት ይስባል?» የሚለው ጥያቄዎ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ የመወርወሩን ሥዕል ብቻውን ያፈርሰዋል። ኳስ የሚወራወሩ ሰዎች ይገፋፋሉ እንጂ አይሳሳቡም። በኳንተም ስሌት ውስጥ ግን የሚሸጋገረው ሞመንተም እንደ ማዕበል ነው፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ጉዞ የለውም። መሳሳብ ወይም መገፋፋት የሚወሰነው የስሌቱ ምልክት ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ በመሆኑ ነው፤ ምልክቱን ደግሞ የቻርጆቹ ዓይነትና የመስኩ ቅንጣት ስፒን ይወስኑታል። የፎቶን ስፒን 1 ስለሆነ አንድ ዓይነት ቻርጆች ይገፋፋሉ፣ የተለያዩት ይሳሳባሉ። በከረንት ላይ ምልክቱ ይገለበጣል፦ ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈሱ ከረንቶች ይሳሳባሉ፣ በተቃራኒ የሚፈሱት ይገፋፋሉ። በ1 ሜትር ርቀት ላይ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው 1 አምፔር የሚሸከሙ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች በየሜትሩ ርዝመት በ0.0000002 ኒውተን ይሳሳባሉ፤ አምፔር ራሱ እስከ 2019 ድረስ የተተረጎመው በዚህ ቁጥር ነበር።

ይህ ኃይል በሙያዎ ውስጥ በቀጥታ ይመለከትዎታል። በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉ ጎረቤት ዙሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚፈሱ ይሳሳባሉ። 1 ሚሊሜትር ተራርቀው 5 አምፔር የሚሸከሙ ሁለት ሽቦዎች ላይ ኃይሉ በሜትር 0.005 ኒውተን ነው፤ ትንሽ ነው። የቡና መፈልፈያ ሞተር ሲነሳ ግን ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ከረንቱ 6 እጥፍ ሆኖ 30 አምፔር ሲደርስ ኃይሉ 36 እጥፍ ሆኖ 0.18 ኒውተን ይሆናል፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በከረንቱ ስኩዌር ነው። በአንድ ስሎት ውስጥ ያሉት ዙሮች ብዙ ስለሆኑ ድምሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በ50 ኸርዝ ከረንት ላይ ኃይሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል ከስታተሩ ውጭ የወጣው የጥቅል ጫፍ ካልታሰረና ቫርኒሽ ካልጠጣ ይንቀጠቀጣል፤ የሽቦው ሽፋን ይፋቃል፤ ሞተሩም ሳይሰነብት ይቃጠላል። ይህንን ሁሉ የሚያስረዳው መስኩ ነው። ስለ ቨርቹዋል ፎቶን የሚነገረው ሁሉ እዚህ ላይ የሚጨምረው አንድ ኒውተን የለም።

ታዲያ ቨርቹዋል ቅንጣት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዘዴው ከሰው ልጅ ትክክለኛ ስሌቶች አንዱን ሰጥቷል። ዲራክ በ1928 ባወጣው ቀመር የኤሌክትሮኑ የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ የሆነው ጂ የሚባለው ቁጥር ልክ 2 ነበር። ሽዊንገር የመጀመሪያውን የኳንተም እርማት ሲያሰላ ቁጥሩ 2.0023 ሆነ፤ በላቦራቶሪ የሚለካው 2.002319 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አሃዞችም በስሌትና በልኬት እጅግ ይቀራረባሉ። ለዚህ ዘርፍ ቶሞናጋ፣ ሽዊንገርና ፋይንማን በ1965 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። እርማቱ በተፈጥሮ ውስጥ አለ፤ እርሱን የሰጠን የኳንተሙ መስክ ነው። ሌላው ጥቅሙ የኃይልን ርቀት ከቅንጣት ማስ (የቁስ መጠን) ጋር ማገናኘቱ ነው። ዩካዋ በ1935 እንዳሳየው የመስኩ ቅንጣት ማስ ካለው ኃይሉ ከአጭር ርቀት በኋላ በፍጥነት ይሞታል። የአቶም ኒውክሊየስ ውስጥ ያለው ኃይል ከጥቂት ፌምቶ ሜትር (የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ) የማያልፈው ለዚህ ነው። የማግኔት መስክ ሩቅ የሚደርሰው ፎቶን ማስ ስለሌለው ነው፤ ፓዮኒር 10 የተባለው የጠፈር መንኮራኩር የለካውን የጁፒተር መስክ በመመርመር ፎቶን ማስ ቢኖረው እንኳን እጅግ ኢምንት ሊሆን እንደሚገባው ታይቷል። ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ፤ ከፕላኔት ዙሪያ የተለካ መስክ ስለ አንድ ቅንጣት ማስ ይመሰክራል። ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው የካሲሚር ኃይል ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሁለት ቻርጅ የሌላቸው የብረት ሰሌዳዎች በ1 ማይክሮ ሜትር ሲጠጉ በ0.0013 ፓስካል ያህል ይሳሳባሉ። ካሲሚር በ1948 ያሰላው ይህ ኃይል እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ያለ ቨርቹዋል ቅንጣት ወሬ፣ በሰሌዳዎቹ ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖችና በመስኩ ግንኙነት ብቻም ይሰላል።

መስኩን በእጅዎ ለክተው እንዲያዩት የምመክረው አንድ ሙከራ አለ፤ ዕቃው ሁሉ የሥራ ቦታዎ ላይ አለ። የሚያስፈልገው የ12 ቮልት ባትሪ፣ 12 ቮልት 21 ዋት የተጻፈበት የመኪና የፍሬን መብራት አምፑል፣ 2 ሜትር ያህል 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽፋን ያለው የመዳብ ሽቦ፣ ዲግሪ የተጻፈበት ኮምፓስ፣ ቴስተርና ማስመሪያ ነው። አምፑሉን ከሽቦው ጋር በተከታታይ ያገናኙ፤ 1.75 አምፔር ያህል ያልፋል። ቴስተሩን 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ፣ በመስመሩ መሃል አስገብተው ያረጋግጡ። ከሽቦው ቢያንስ 60 ሴንቲሜትሩን ቀጥ አድርገው በሰሜንና በደቡብ መስመር፣ ከኮምፓሱ በላይ ይዘርጉት፤ ከረንት ሳይኖር መርፌው ከሽቦው ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ከዚያ ያብሩ።

የሚጠብቁትን ቁጥር አስቀድመው ማስላት ይችላሉ። ከቀጥተኛ ሽቦ አጠገብ ያለውን መስክ በማይክሮ ቴስላ ለማግኘት አምፔሩን በ20 አባዝተው በሴንቲሜትር ርቀቱ ያካፍሉ። 1.75 አምፔር በ1 ሴንቲሜትር 35 ማይክሮ ቴስላ ይሰጣል። የምድር መስክም እኛ አካባቢ ወደ 35 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ ኢትዮጵያ ከማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሆነች መስኩ ከመሬት ጋር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠንም መርፌውን ይይዘዋል። እኩል የሆኑ ሁለት መስኮች በቀጥታ ማዕዘን ሲገናኙ መርፌው መሃል ይቆማል፦ 45 ዲግሪ። ሽቦውን ወደ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ሲያደርጉ 27፣ በ3 ሴንቲሜትር 18፣ በ4 ሴንቲሜትር 14 ዲግሪ ያህል ያገኛሉ። የእያንዳንዱን ማዕዘን ታንጀንት በርቀቱ ቢያባዙ ሁልጊዜ ወደ 1 የቀረበ ቁጥር ይወጣል። መስኩ በርቀት ልክ እንደሚቀንስ በገዛ ቁጥርዎ አረጋገጡ ማለት ነው፤ የኳንተሙ ስሌት ድምርም የሚደርሰው እዚሁ ነው።

ቁጥሩ ካልመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ርቀቱ የሚለካው ከሽቦው መሃል እስከ መርፌው እንጂ እስከ ኮምፓሱ መስታወት አይደለም፤ 1 ሴንቲሜትር ያሉት በእርግጥ 1.3 ከሆነ 45 ሳይሆን 38 ዲግሪ ያነባሉ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በብረት ጠረጴዛ ላይ ወይም የሞተር ክምር አጠገብ ከሠሩ የምድሩ መስክ ተጣምሟል፤ ደጅ ወጥተው በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፣ ባትሪውንም ሽቦው እስከፈቀደ ድረስ ያርቁት። ሽቦው ከሰሜን ትንሽ ቢያዘነብል ስህተቱን ለመቀነስ የባትሪውን ጫፎች ቀያይረው ሁለቱን ማዕዘኖች በአማካይ ይውሰዱ። በአምፑሉ ምትክ ኤል ኢ ዲ መብራት ካስገቡ የሚያልፈው ከረንት ትንሽ ስለሚሆን መርፌው እምብዛም አይነቃነቅም። አምፑሉን ፈጽሞ አያውጡት፤ ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ ማገናኘት መቶዎች አምፔር ይለቃል፣ ሽፋኑን ያቃጥላል፣ ባትሪውንም ሊያፈነዳ ይችላል። ከግድግዳ ሶኬትም አይሞክሩ፤ ከአደጋው በላይ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫ ስለሚለውጥ መርፌው ባለበት ይቆማል። በስልክ ኮምፓስ መለካትም ይቻላል፤ ሴንሰሩ በስልኩ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ስለማይታይ ግን ርቀቱ አስተማማኝ አይሆንም፣ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋንም ንባቡን ያበላሸዋል።

ይህ ሙከራ ስለ ቨርቹዋል ቅንጣት ምንም አያረጋግጥም፣ ምንም አያፈርስም፤ የትኛውም የኮምፓስ ሙከራ ይህን ማድረግ አይችልም። ለዚህም ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ አሁን ባሉበት ደረጃ ቨርቹዋል ፎቶንን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። በቅድሚያ ቬክተርን፣ ዴሪቫቲቭንና ኢንቴግራልን ይያዙ፤ የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት ለመነሻ ይበቃሉ። ቀጥሎ የአምፔርንና የፋራዴይን ሕግ በጥቅልዎ ላይ ቁጥር እያስገቡ ይሥሩ፤ ከዚያ ማዕበልን፣ ከዚያ የአንስታይንን የ1905 ልዩ ሪላቲቪቲ፣ ከዚያም ኳንተም ሜካኒክስን እስከ ሃርሞኒክ ኦሲሌተር ድረስ። ፎቶን እንደ እርከን የሚገባዎት እዚያ ላይ ነው፤ የፋይንማን ሥዕል ትርጉም የሚኖረው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው በቪዲዮ «ቨርቹዋል ፎቶን» ሲባል በሐሳብዎ «መስክ» ብለው ይተኩት። ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከሰጠ ይያዙት፤ «ተበደረ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ወረወረ» የሚሉት ከቀሩ በኋላ ምንም ካልተረፈው ይለፉት።

አንድ ማሳሰቢያ ከኪስዎ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አልተወውም። «ከባዶ ቦታ ኢነርጂ የሚስብ»፣ በማግኔት ብቻ የሚዞር ጄኔሬተር እንዲጠቀልሉለት የሚጠይቅ ደንበኛ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰውም ይህንኑ የመበደር ወሬ ነው። ቋሚ ማግኔቶች የተሰኩበት ሮተር ሙሉ ዙር ዞሮ ወደ ተነሳበት ሲመለስ ማግኔቶቹ በመሳብ የሰጡትን በመልቀቅ ጊዜ መልሰው ይወስዳሉ፤ የዙሩ ትርፍ ዜሮ ነው፣ ፍሪክሽን ሲቀነስ ደግሞ ኪሳራ ነው። መዳብዎን አያውሉበት። ሠርቷል የሚል ማሽን ካመጡልዎ ባትሪውን በሙሉ አስወጥተው፣ 21 ዋቱን አምፑል ጫፉ ላይ አስገብተው ለአንድ ሰዓት እንዲያበራ ይጠይቁ።